የኩፉን ፒራሚድ ማን ሠራው? እንዴትስ ተሠራ? ከመሠረት እስከ ጫፍ ዝርዝር መመሪያ

ጊዛ ላይ የቆመው የግብፁ ንጉሥ የኩፉ ፒራሚድ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ፣ በግብፅ 4ኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው። የመሠረቱ አንድ ጎን 230.3 ሜትር ነው። ቁመቱ ሲጠናቀቅ 146.6 ሜትር ነበር። በግምት 2.3 ሚሊዮን ድንጋይ ገብቶበታል፤ የአንዱ አማካይ ክብደት ደግሞ 2.5 ቶን ገደማ ነው። ሥራው 20 ዓመት ፈጀ ብለን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታረፍ በቀን 10 ሰዓት ተሠራ ብንል፣ በቀን 315 ድንጋይ ቦታ ቦታውን መያዝ ነበረበት። ይህ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ማለት ነው።

ይህን ቁጥር አትርሱት። ብዙ ሰው "ያን ያህል ድንጋይ እንዴት አነሡት?" ብሎ ይጠይቃል። ድንጋይ ማንሣቱ ግን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የከበደው ሁለት ነገር ነበር፦ ድንጋዩ፣ ውሃው፣ ዳቦውና ሰው ሳይቋረጥ እንዲፈስ ማድረግ፣ እንዲሁም 146 ሜትር ሲወጣ አራቱ ጠርዞች አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኙ መስመር መጠበቅ። ከዚህ በታች ሥራውን በተሠራበት ቅደም ተከተል እናየዋለን።

አስቀድሞ፦ ሠራተኛው ማን ነበር?

ፒራሚዱን እስራኤላውያን ባሮች ሠሩት የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ በሰፊው ይነገራል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 1ን ገልጣችሁ ብታነቡ ግን የተጻፈው ፊቶምና ራምሴ ስለተባሉ ከተሞች፣ ስለ ጭቃና ስለ ጡብ ነው። ፒራሚድ የሚል ነገር የለበትም። ራምሴ የሚለው ስም የሚያመለክተው ዘመንም ከኩፉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይዘገያል። የኩፉ ፒራሚድ ደግሞ የድንጋይ እንጂ የጡብ ሥራ አይደለም።

እውነተኛውን መልስ ያወጣው ቁፋሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከፒራሚዶቹ በስተደቡብ አንድ ፈረስ በአሸዋ ውስጥ በተቀበረ የጭቃ ጡብ ግድግዳ ተደናቀፈ። ቦታው ሲቆፈር የሠራተኞችና የአለቆቻቸው መቃብር ሆኖ ተገኘ፤ ቁፋሮውን የመሩት ግብፃዊው አርኪዮሎጂስት ዛሂ ሀዋስ ነበሩ። በመቃብሮቹ ላይ እንደ "የፒራሚዱ ጎን ኃላፊ" ያሉ የሥራ ማዕረጎች ተጽፈዋል። ለወዲያኛው ዓለም እንዲሆናቸው የዳቦና የጠላ ማሰሮ አብሯቸው ተቀብሯል። በንጉሡ ፒራሚድ ጥላ ሥር በክብር የተቀበረን ሰው ባሪያ ማለት አይቻልም።

አጥንታቸውም ይመሰክራል። የወገብና የጉልበት መገጣጠሚያቸው በሸክምና በመጎተት ብዛት አልቋል። የተሰበረ ክንድና እግር ግን በእንጨት ታስሮ ቀጥ ብሎ ድኗል፤ እግሩ ወይም እጁ ተቆርጦ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የኖረም አለ። ሥራው ሰውን ይሰብር ነበር፤ የተሰበረውን የሚጠግን ሐኪምም እዚያው ነበር።

ይህ ማለት ግን ሁሉም በፈቃዱ መጣ ማለት አይደለም። ከየአውራጃው በተራ የሚመጣው ጉልበት ለንጉሥ የሚከፈል ግብር ነበር፤ በእኛ አገር ከነበረው የሁዳድ ሥራ ጋር እንጂ ከደቦ ጋር አይመሳሰልም። ከእነዚህ ተረኞች ጎን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚቀመጡ ባለሙያዎች አሉ፦ ድንጋይ ጠራቢ፣ መዳብ አንጣሪ፣ አናጢ፣ ለኪ፣ ጸሐፊ፣ ጋጋሪ። ከነሱ ከ2,000 ዓመት በኋላ የጻፈው የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ 100,000 ሰው ይላል። የዛሬ ተመራማሪዎች ግምት ከ20,000 እስከ 30,000 ባለው ውስጥ ነው።

የሥራው የበላይ የኩፉ ዘመድ የነበረው ሄሚዩኑ እንደሆነ ይታመናል። "የንጉሡ ሥራዎች ሁሉ ኃላፊ" የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ከወገቡ ወፈር ያለው የተቀመጠ ሐውልቱ ዛሬ ጀርመን ሂልደስሃይም ሙዚየም ይገኛል። በግንባታው መጨረሻ ዓመታት ደግሞ የንጉሡ ግማሽ ወንድም አንክሃፍ በኃላፊነት ላይ ነበር።

ደረጃ 1፦ ሰውን ማደራጀት

መጀመሪያ የተዋቀረው ሰው ነው። ትልቁ ክፍል 2,000 ሰው ገደማ የያዘ ጓድ ነበር። እሱ እያንዳንዳቸው 1,000 በሆኑ ሁለት ቡድኖች ይከፈላል። ቡድኑ እንደገና 200 ገደማ ሰው ወደያዙ "ዛ" የሚባሉ ክፍሎች፣ እነሱም ከ10 እስከ 20 ሰው ወዳሏቸው ትንንሽ እጆች ይወርዳሉ። የ"ዛ"ዎቹ ስም ከመርከብ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የጀልባ ቀኝ፣ ግራ፣ ፊትና ኋላ እንደማለት።

ቡድኖቹ ለራሳቸው ስም ያወጡ ነበር። በፒራሚዱ ውስጥ ካለው የንጉሡ መቃብር ክፍል በላይ በተዘጉ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ፣ ማንም እንዳያየው በተደፈነ ድንጋይ ላይ፣ "የኩፉ ወዳጆች" የሚለው ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ተገኝቷል። በኋላ በነገሠው በመንካውሬ ፒራሚድ ዘመን ደግሞ "የመንካውሬ ሰካራሞች" የሚል ቡድን ነበር። ይህ የስም ጽሕፈት ለአስተዳደርም ይጠቅማል፤ የትኛው ድንጋይ በየትኛው ቡድን እንደመጣ በድንጋዩ ላይ ይነበባል፣ ጸሐፊውም ይቆጥራል።

ምግቡ ከድንጋዩ እኩል መታቀድ ነበረበት። ከፒራሚዱ በስተደቡብ፣ 200 ሜትር በሚረዝምና 10 ሜትር ከፍታ ባለው የድንጋይ አጥር ወዲያ፣ አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ማርክ ሌነርና ባልደረቦቹ ለዓመታት የቆፈሩት የሠራተኞች ከተማ አለ። ረጃጅም የመኝታ አዳራሾች፣ የእህል ጎተራዎችና ትልልቅ የሸክላ ቅርጽ የሚደረደርባቸው ዳቦ ቤቶች ተገኝተውበታል። ዳቦው የሚጋገረው በወፍራም የሸክላ ቅርጽ ውስጥ፣ በትኩስ አመድና ፍም ተከብቦ ነው። መጠጡ ከገብስ የተጠመቀ፣ ወፈር ያለ፣ ለጠላ የሚቀርብ ነበር። የተገኘው የከብት አጥንት ብዛት ሥጋም እንደልብ ይቀርብ እንደነበር ያሳያል፤ አብዛኛውም የወጣት በሬ አጥንት ነው።

ደረጃ 2፦ መሬቱን መምረጥ

ይህን ደረጃ የኩፉ አባት ስኔፈሩ ውድ ዋጋ ከፍሎበታል። ዳህሹር ላይ ያሠራው ፒራሚድ በ54 ዲግሪ ተዳፋት ተጀመረ። ሥሩ ያለው መሬት ጠንካራ አለት ስላልነበረ ሸክሙ ሲጨምር ሰጠመ፤ የውስጥ ክፍሎቹ ተሰነጠቁ። ሠራተኞቹ መሐል ላይ ሲደርሱ ተዳፋቱን ወደ 43 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ክብደቱን ቀነሱ። ዛሬ "የታጠፈው ፒራሚድ" የሚባለው ይህ ነው። በታችኛው ክፍል ድንጋዮቹ ወደ ውስጥ አዘንብለው መቀመጣቸውም ጭንቀቱን አባብሶታል። ቀጥሎ የሠራው ቀዩ ፒራሚድ ከመጀመሪያው 43 ዲግሪ ሆነ፣ ረድፎቹም አግድም ተነጠፉ።

ኩፉ ጊዛን የመረጠው ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው። ጊዛ አንድ ወጥ የኖራ ድንጋይ አለት ነው፤ የሚቆመውን ይሸከማል፣ ድንጋዩም እዚያው ከ300 እስከ 400 ሜትር ርቀት ላይ ይወጣል፣ ወንዙም ቅርብ ነው። አለቱን ሙሉ በሙሉ ደልድለው አላስተካከሉትም። ከመሐል ያለውን የተፈጥሮ ጉብታ ትተው ዙሪያውን ብቻ አስተካከሉ። የድንጋይ ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ መለካት አይቻልም፣ ጉብታው ይከልላልና። ይህ ለሚቀጥሉት ሁለት ደረጃዎች ትልቅ ችግር ነው።

ደረጃ 3፦ ሰሜንን ማግኘት

ፒራሚዱ ከእውነተኛው ሰሜን የሚስተው በ4 የዲግሪ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በ230 ሜትር ርዝመት ላይ ይህ ከ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ አይበልጥም። ዛሬ የምናውቀው የሰሜን ኮከብ በዚያ ዘመን ከዋልታው ሩቅ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ኮከብ አይቶ መስመር መዘርጋት አይሆንም። ተመራማሪዎች የሚያቀርቧቸው መንገዶች የዋልታ ኮከቦችን ወጥተው ሲገቡ ማየትና የፀሐይን ጥላ መከተል ናቸው።

የጥላውን መንገድ ግቢያችሁ ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ በትር በተስተካከለ መሬት ላይ ትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ አረጋግጡ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ። ከበትሩ ሥር እስከ ምልክቱ ባለው ርዝመት ገመድ አስራችሁ ክብ ሥሩ። ከሰዓት በኋላ ጥላው እየረዘመ ክቡን እንደገና የሚነካበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ሁለቱን ምልክቶች የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ የዚያ መስመር እኩሌታና የበትሩ ሥር ሲገናኙ ሰሜንና ደቡብን ይሰጣሉ። አዲስ አበባ ላይ የምትሞክሩ ከሆነ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ አትርሱ፤ ፀሐይዋ ከራሳችን በስተሰሜን ታልፋለችና። ጊዛ ላይ ይህ አይደርስም።

ስሕተት የሚገባው ከሁለት ነገር ነው፤ መሬቱ ዘንበል ካለና የጥላው ጫፍ ደብዛዛ ከሆነ። በትሩን ማስረዘም ጥላውን ያስረዝማል፣ ጫፉን ግን የበለጠ ያደበዝዛል። ስለዚህ መፍትሔው ልኬቱን ለብዙ ቀናት መድገምና መካከለኛውን መያዝ ነው።

ደረጃ 4፦ ማስተካከልና ማዕዘን ማውጣት

የመሠረቱ ንጣፍ ከዳር እስከ ዳር የከፍታ ልዩነቱ 2.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለ230 ሜትር ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ መሣሪያው ግን ቀላል ነበር። በ"ለ" ፊደል ቅርጽ የተጋጠመ እንጨት፣ ከአናቱ ላይ የተንጠለጠለ ቱንቢ፣ በመሐለኛው አግዳሚ ላይ የተጫረ መስመር። ክሩ መስመሩ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ውሃ ልክ ሁልጊዜ ትንሽ ይዋሻል፤ ሁለቱ እግሮች ፍጹም እኩል ሊሆኑ አይችሉምና። ማረሚያው ይህ ነው፦ ልኩን ወስዳችሁ ምልክት አድርጉ፣ እንጨቱን አዙራችሁ እግሮቹን አለዋውጡና እንደገና ልኩ። እውነተኛው ልክ የሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። በፒራሚዱ ዙሪያ በመደበኛ ርቀት የተቆፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ተገኝተዋል፤ በእነሱ ውስጥ ችካል ተተክሎ ገመድ ይወጠርባቸው እንደነበር ይታመናል። ገመድ በረዘመ ቁጥር መሐሉ ስለሚረግብ ችካሎቹ መቀራረብ ነበረባቸው።

መለኪያቸው የንጉሡ ክንድ ነው፦ 52.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ክንድ 7 ጋት፣ አንድ ጋት 4 ጣት፣ ስለዚህ አንድ ክንድ 28 ጣት። የመሠረቱ ጎን 440 ክንድ፣ ቁመቱ 280 ክንድ ሆኖ ታቀደ። የአራቱ ጎኖች ርዝመት ልዩነት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ድንጋይ ማውጣት

የጊዛ የኖራ ድንጋይ የተነባበረ ነው፤ በጠንካራ ንብብሮች መካከል ለስላሳ የሸክላ ንብብር አለ። ጠራቢው በድንጋዩ ዙሪያ አንድ ሰው የሚገባበት ቦይ እየቆፈረ ይወርዳል፤ ለስላሳው ንብብር ጋ ሲደርስ በማንሻ እንጨት ፈንቅሎ ያላቅቀዋል። የድንጋዩን ቁመት የሚወስነው እንግዲህ የንብብሩ ውፍረት ነው። የፒራሚዱ ረድፎች ቁመት የማይመሳሰለውም በዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ረድፍ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ላይ እየቀነሰ ይሄድና 35ኛው ረድፍ ላይ እንደገና ከ1.2 ሜትር በላይ ይሆናል።

መሣሪያው የመዳብ መሮ፣ የእንጨት መዶሻና የድንጋይ መፈልፈያ ነው። መዳቡ ከሲና ይመጣ ነበር፤ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ስለዚህ ከጠራቢው አጠገብ ሁልጊዜ የሚያሾል አንጥረኛና ፍም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በተደረገ ሙከራ አራት ሰዎች 2.5 ቶን የሚመዝን ድንጋይ በቀን ስድስት ሰዓት እየሠሩ በአራት ቀን አውጥተዋል። መጀመሪያ በጣም አዝግመው ነበር፤ ድንጋዩን በውሃ ማራስ ሲጀምሩ ፍጥነቱ በስድስት እጥፍ ጨመረ። በዚህ ስሌት 5,000 ጠራቢ ያህል ቢመደብ በቀን 315 ገደማ ድንጋይ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ከወንዙ ወደ ካባው ያለማቋረጥ ውሃ የሚያመላልስ ሰው ያስፈልጋል፤ ውሃ ቀጂው ከጠራቢው የማያንስ ሠራተኛ ነበር።

ግራናይት ሌላ ነገር ነው፤ የመዳብ መሮ አይበግረውም። ደቡብ ግብፅ አስዋን ላይ በእጅ በሚያዝ፣ ዶለሪት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ እየተደበደበ ይፈለፈላል። ለመቁረጥ ደግሞ ጥርስ የሌለው የመዳብ መጋዝ ከሥሩ አሸዋ እየተነሰነሰ ይሳባል፤ የሚቆርጠው አሸዋው ነው፣ መዳቡ ያሻሸዋል እንጂ።

ደረጃ 6፦ በወንዝ ማጓጓዝ

የውጭ ልባሱ ነጭ የኖራ ድንጋይ ከወንዙ ማዶ ከቱራ፣ ግራናይቱ ከ800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከአስዋን መጣ። ይህ ያለ ጎርፍ አይታሰብም። በበጋ የሚያንሰው ዓባይ በእኛ ክረምት ያብጣል፤ በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው በዓባይና በተከዜ በኩል ወርዶ የግብፅን ሜዳ ያጥለቀልቃል። ግብፃውያን ይህን ወቅት "አኬት" ይሉታል። በዚያ ወራት ውሃው በተቆፈሩ ቦዮች ወደ ጊዛ ወደብ ስለሚገባ ጀልባው ከነጭነቱ እስከ አምባው ግርጌ ይደርሳል። የእኛ ክረምት ዝናብ የኩፉን ድንጋይ ተሸክሟል ቢባል ሐሰት አይደለም።

ይህን ሥራ በቀን በቀን የጻፈ ሰው ወረቀቱ እጃችን ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ፒየር ታሌና ባልደረቦቹ በቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል ጃርፍ ላይ፣ በኩፉ ዘመን የተጻፉ ፓፒረሶች አገኙ። ከነሱ አንዱ መረር የሚባል ተቆጣጣሪ የሥራ መዝገብ ነው፤ 40 ያህል ሰዎችን ይመራ ነበር። ዙሩ እንዲህ ይመስላል፦ አንድ ቀን ሙሉ ቱራ ላይ ድንጋይ መጫን። በማግስቱ ጭነቱን ይዞ መነሣትና "ሼ ኩፉ" በተባለው ሐይቅ አጠገብ ማደር። በሦስተኛው ቀን "አኬት ኩፉ" ማለትም ፒራሚዱ ዘንድ መድረስ። በአራተኛው ቀን ባዶ ጀልባ ይዞ ወደ ቱራ መመለስ። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይወጣል። በመዝገቡ ላይ የወደቡ ኃላፊ ሆኖ የሚጠቀሰው ከላይ ያነሣነው አንክሃፍ ነው።

ደረጃ 7፦ መጎተት

ጎማ ያለው ጋሪ ለዚህ አይሆንም፤ በአሸዋ ላይ ይቀበራል። ድንጋዩ የሚጫነው በሁለት ወፍራም የእንጨት እግር በቆመ ተንሸራታች ላይ ነው። መንገዱ ደግሞ አግዳሚ እንጨት ተነጥፎበት በጭቃ ይለሰናል። የሚጎተተው ከፊት ነው።

ከኩፉ 700 ዓመት ገደማ በኋላ በተሠራው ጀሁቲሆተፕ የተባለ ሹም መቃብር ላይ 172 ሰዎች አንድ ግዙፍ ሐውልት ሲጎትቱ የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ በተንሸራታቹ አፍንጫ ላይ የቆመ ሰው መንገዱ ላይ ውሃ ያፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ለኩ፦ ደረቅ አሸዋ ከተንሸራታቹ ፊት ይከመራል፣ እርጥብ አሸዋ ግን ይጠነክራል፤ የመጎተቻው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። በ10 ሊትር አሸዋ መሞከር ትችላላችሁ፦ ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ አሸዋው ይላላል፣ ጥቅሙም ይጠፋል።

አሁን ሰው እናስላ። መንገዱ በደንብ ሲርስ፣ ሜዳ ላይ ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል የክብደቱ 30 በመቶ ነው እንበል፤ ለ2,500 ኪሎ ድንጋይ 750 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሰው ያለማቋረጥ 35 ኪሎ ያህል ቢስብ 21 ወይም 22 ሰው ይበቃል። ከአሥር አንድ በሚወጣ ዳገት ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፤ 1,000 ኪሎ፣ ማለትም 29 ሰው። ከላይ ያየነው ትንሹ እጅ 20 ሰው መሆኑ እንግዲህ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ሜዳ ላይ አንድ እጅ፣ ዳገት ላይ አንድ ተኩል። ለቀን 315 ድንጋይ 29 ሰው ያለው አንድ የጎታቾች ስብስብ አሥር ዙር ቢመላለስ 32 ያህል ስብስብ ይበቃል፤ ከአንድ ሺህ ሰው ብዙም አያልፍም። ሕዝቡን የሚፈጀው መጎተቱ ብቻ አይደለም ያልነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 8፦ ዳገቱን መሥራት

እስከ ጫፉ በአንድ ቀጥ ያለ ዳገት፣ ከአሥር አንድ ተዳፋት ይዞ ለመውጣት 1,460 ሜትር የሚረዝም ድልድል ያስፈልጋል። ያን መሥራት ሌላ ፒራሚድ እንደመሥራት ነው። ነገር ግን የፒራሚድ ቅርጽ ራሱ ያግዛል። ከቁመቱ አንድ ሦስተኛ በታች፣ ማለትም ከ49 ሜትር በታች፣ ከጠቅላላው ይዘት 70 በመቶ አለ። ግማሹ ላይ ሲደረስ 87.5 በመቶ አልቋል። ስለዚህ ከካባው በቀጥታ የሚነሣ ጥሩ ድልድል አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳል። ካባው ዛሬ በኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ፣ በጀሶና በሸክላ አፈር ተሞልቶ ይገኛል፤ የፈረሰው ድልድል ትርፍ መሆኑ ነው።

ከዚያ በላይ ስላለው ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፦ በጎኖቹ ላይ የሚዞር ዳገት የሚል አለ፣ በዚግዛግ የሚል አለ። በሃትኑብ የአልባስጥሮስ ካባ እ.ኤ.አ. በ2018 የተገለጠ፣ ከኩፉ ዘመን ጋር የሚያያዝ ዳገት ግን አንድ ነገር አሳይቷል። በጣም ቀጥ ያለ ነው፤ በግራና ቀኙ ደረጃና የወፍራም ምሰሶ ጉድጓዶች አሉት። ገመዱ በምሰሶው ዞሮ ከታች ያሉትም ከላይ ያሉትም ይስቡታል። በዚህ መንገድ ዳገቱ አጭር ሊሆን ይችላል። የላይኛው ጥቂት ሜትር ላይ ለድልድል ቦታ ስለማይኖር በማንሻ እንጨት ከረድፍ ወደ ረድፍ ማንሣት ግድ ነው።

ለዳገት ትልቁ አደጋ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። ከኋላ የሚከተልና ሽብልቅ የሚያስገባ ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ ገመድ ቢበጠስ 2.5 ቶን ወደ ታች ይመጣል።

ደረጃ 9፦ መደርደርና ተዳፋቱን መጠበቅ

በውስጥ ያለው ድንጋይ ሸካራ ነው፤ ክፍተቱ በፍርፋሪና በጀሶ ይሞላል። ጀሶ የተመረጠው በቀላል እሳት ስለሚቃጠል ነው፤ ኖራ ለማቃጠል 900 ዲግሪ ገደማ ሲጠይቅ፣ ጀሶ ከ150 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይበቃዋል። እንጨት በሌለበት አገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ጀሶው ድንጋዩን ከማጣበቅ ይልቅ በማንሸራተት ያገለግላል፤ ሊጡ ገና እርጥብ ሳለ ከባዱ ድንጋይ በማንሻ እየተገፋ ቦታው ይገባል።

ተዳፋቱ የሚለካው በዲግሪ አይደለም፤ አንድ ክንድ ወደ ላይ ሲወጣ ስንት ጋት ወደ ውስጥ ይገባል ተብሎ ነው። ይህ "ሰከድ" ይባላል። የኩፉ ሰከድ 5 ጋት ከ2 ጣት ነው፤ ይህም 51.8 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። በማዕዘን እንጨት ላይ አንዱን ጎን 28 ጣት፣ ሌላውን ጎን 22 ጣት አድርጋችሁ ብታገናኙ ራሳችሁ መለኪያውን ሠራችሁ። ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ይኸው፦ በአንድ ጎን ላይ በየክንዱ አንድ ጣት ብቻ ብትስቱ፣ 280 ክንድ ላይ ስትደርሱ 280 ጣት፣ ማለትም 10 ክንድ ወይም 5.2 ሜትር ስታችኋል። ጠርዞቹ አይገናኙም። ስለዚህ በየረድፉ አራቱም ጎኖች ከመካከለኛው መስመር እየተለኩ ይታረሙ ነበር።

ደረጃ 10፦ የውስጥ ክፍሎች

የንጉሡ ክፍል 10 በ20 ክንድ የሆነ የግራናይት ክፍል ነው፤ ወለሉ ከመሠረቱ 43 ሜትር ከፍ ይላል። ከክፍሉና ከበላዩ ካሉት አግዳሚ ድንጋዮች ትልልቆቹ ከ25 እስከ 80 ቶን ይገመታሉ። እነዚህ ድንጋዮች በመደበኛው መንገድ አይወጡም፤ ድልድሉ ገና ዝቅ ባለበት ጊዜ መጥተው ከረድፉ ጋር አብረው ከፍ ሊሉ ይገባል። ከጣሪያው በላይ አምስት ባዶ ክፍሎች ተደርበዋል፤ የላይኛው ጣሪያ እንደ ጎጆ ቤት ወደ ላይ ተጋጥሟል። እንዲያም ሆኖ የጣሪያ ድንጋዮቹ በደቡብ በኩል ተሰንጥቀዋል፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው ስንጥቁን በጀሶ ለስነው ተከታትለውታል። አልወደቀም።

ወደ ክፍሉ የሚወስደው ትልቁ ኮሪደር 47 ሜትር ይረዝማል፣ 8.6 ሜትር ከፍታ አለው። ግድግዳው በሰባት ረድፍ ወደ ውስጥ እየገባ ይጠባል፤ እያንዳንዱ ረድፍ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚወጣ ቅስት ሳያስፈልግ ክብደቱ ወደ ጎን ይወርዳል። እዚሁ የግራናይት መዝጊያ ድንጋዮች ተቀምጠው ነበር፤ ንጉሡ ከተቀበረ በኋላ ሦስቱ ወደ ታች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉት።

ደረጃ 11፦ ልባሱ

የቱራው ነጭ ድንጋይ ከረድፉ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ የጎኖቹ መጋጠሚያ በጥንቃቄ ይጠረባል፣ የፊት ገጹ ግን ትርፍ ይተውለታል። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፒትሪ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሲለካው የመጋጠሚያው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ አገኘው። የፊት ገጹ የሚላገው ከላይ ወደ ታች፣ ድልድሉ እየፈረሰ ሲሄድ ነው። ከታች ጀምሮ ቢላግ ከላይ የሚወድቅ ፍርፋሪ የተጨረሰውን ይጎዳዋል፤ ድልድሉም ይጫነዋል።

የመረር መዝገብ የተጻፈው በኩፉ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ የጫነው ድንጋይ የዚህ ልባስ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በቀይ ባሕር ወደብ ተመድቦ ሠርቷል፤ ዋዲ አል ጃርፍ ለሲና መዳብ የመሻገሪያ በር ነበር። ወደቡ ሲለቀቅ የመጋዘን ዋሻዎቹ በትልልቅ የድንጋይ መዝጊያዎች ተደፈኑ፤ የመረር ፓፒረሶች ቁርጥራጭም የተገኘው በእነዚያ መዝጊያዎች መካከል ነው።